የሰው ልጅ ሥራና የምድር የዘወትር ንዝረት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ ሻንቶ፥ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዓል ሲከበር ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ መናገር የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። ክፍላችን ግን ከዚህ ጥቂት ወጣ ያለ ነገር መርጧል። ይኸውም ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሁላችንም የተራመድንበት፥ ዳሩ ግን ማንም ልብ ያላለው፥ ከእግራችን በታች ያለው መሬት ነው። ርእሱን የመረጥነው ያለ ክርክር አይደለም። ግማሾቻችን ስለ ቡና ተክል፥ ግማሾቻችንም ስለ አባያ ሐይቅ እንናገር ብለን ነበር፤ በመጨረሻ ግን ከወላጆቻችን የተጠየቅነውና መልስ ያጣንለት ጥያቄ አሸነፈ።

ጥያቄው የመጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬት ለብዙ ወራት ስትናወጥ ከርማ፥ ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው መናወጥ ብቻ በመለኪያው 5.7 ገደማ ሆኖ፥ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን እየለቀቀ ሲሄድ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሰማን። ያን ጊዜ በየቤታችን አባቶችና እናቶች «እናንተ የተማራችሁ፥ እስቲ ንገሩን፤ ይህ ነገር ወደ እኛስ ይመጣ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። እኛም አፍረን ዝም አልን። በኋላ መጽሐፍ አገላብጠን መምህራችንንም ጠይቀን፥ መናወጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ሊናገር የሚችል ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ተረዳን። በፍለጋችን መካከል ግን ያልፈለግነውን ሌላ ነገር አገኘን። መሬት በማትናወጥበት ቀንም ቢሆን ከቶ ዝም አትልም። በዚያም የዘወትር ንዝረት ውስጥ እኛው ሰዎች የራሳችን ድርሻ አለን።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በልጅነታችን በሰሌን ላይ ተኝተን ጆሮአችንን ወደ መሬት አስጠግተን እናውቃለን። የጎረቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ፥ ከብቶች ከውሃ ሲመለሱ፥ ፈረስ በደጅ ሲያልፍ፥ ተኝቶ የሚያዳምጥ ልጅ ይሰማዋል። መሬት ስትታይ ደረቅና ጽኑ ትመስላለች እንጂ በእውነቱ እንደ ተወጠረ የከበሮ ቆዳ ናት። ከበሮ በአንድ ጠርዙ ቢመታ ሌላው ጠርዝ እንደሚንቀጠቀጥ፥ መሬትም በአንድ ቦታ ስትመታ ንዝረቱ ወደ ሩቅ ይሄዳል። እየራቀም ሲሄድ እየደከመ ይመጣል። የሰው ጆሮ ትቶት ከሄደ በኋላ ግን መሣሪያ ገና ይሰማዋል።

የዚህ መሣሪያ ስም ሲስሞሜትር ይባላል። አሠራሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። አንድ ከባድ ነገር በሽቦ ጥቅል ላይ ይንጠለጠላል። መሬት ስትንቀሳቀስ የመሣሪያው አካል አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የተንጠለጠለው ከባድ ነገር ግን ከክብደቱ የተነሣ በቦታው መቆየት ይወዳል። መኪና በድንገት ሲነሣ ተሳፋሪው ወደ ኋላ እንደሚቀር ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረውን ልዩነት ቀድሞ ብዕር በወረቀት ላይ፥ ወይም የብርሃን ጨረር በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጽፈው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይመዘገባል። ጥሩ መሣሪያ የሚለካው እንቅስቃሴ በናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ይህን በክፍል ስንሰማ አንዳንዶቻችን ስቀናል፤ እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ማን አይቶት ነው ብለን።

ይህ መሣሪያ በተተከለበት ሁሉ መስመሩ ቀጥ ብሎ አያውቅም። አንደኛው ምክንያት ባሕር ነው። የውቅያኖስ ማዕበል እርስ በርሱና ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲጋጭ የባሕሩን ወለል ይገፋል፤ ከዚያ የሚነሣው ዝግ ያለ ንዝረት፥ በአምስትና በዐሥር ሴኮንድ አንድ ጊዜ እየተወዛወዘ፥ በአህጉር መካከል ድረስ ይደርሳል። ባሕር አይተን የማናውቅ የሻንቶ ልጆች የባሕር ማዕበል ዘወትር ከእግራችን ሥር ያልፋል ቢሉን እናምን ነበርን? ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ጃክ ኦሊቨር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በየ26 ሴኮንዱ ገደማ የሚመላለስ አንድ ንዝረት እንዳለ ገለጸ። ምንጩም በእኛው በአፍሪካ፥ በምዕራብ በኩል በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ ስለ መነሻው ዛሬም ይከራከራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሰው ነው፤ የመጣንበትም ስለ እርሱ ለመናገር ነው።

የሰው ንዝረት ከባሕሩ የሚለየው በፍጥነቱ ነው። የባሕሩ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ፥ መኪና፥ ባቡር፥ ፋብሪካ፥ የውሃ ፓምፕ፥ የወፍጮ ሞተርና የሰው እግር የሚያነሡት በአንድ ሴኮንድ ብዙ ጊዜ፥ አንዳንዱም ዐሥርና ከዚያ በላይ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለው ፈጣን ንዝረት ሩቅ ሳይሄድ ይደክማል። ስለዚህም ወደ ከተማ በቀረብን መጠን ይበዛል፥ በራቅን መጠን ያንሳል። ቀን ይነሣል፥ ሌሊት ይተኛል። በሳምንቱ መጨረሻ ይቀንሳል፥ በሥራ ቀን ይመለሳል። የአንድ ከተማ የመሣሪያ መዝገብ ተዘርግቶ ቢታይ፥ ከተማውን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሕዝቡ በስንት ሰዓት ከእንቅልፉ እንደሚነሣና በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ ሊያነብበት ይችላል።

በአገራችን ይህን ሥራ የጀመሩትን ማስታወስ ይገባናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ የብዙ አገር ሊቃውንት ምድርን በአንድነት ሲመረምሩ፥ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቋቋሙትም አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። መጀመሪያ የታሰበው የምድርን መግነጢስ ለመለካት ነበር፤ አዲስ አበባ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ያለች ስለሆነች። ከዚያ በኋላ ግን የመናወጥ መሣሪያም ተተከለበት። ብዙም ሳይቈይ፥ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ፥ በሸዋና በወሎ ድንበር በካራ ቆሬ ታላቅ መናወጥ ሆኖ የመጀቴ ከተማ ፈረሰች። አባ ጉዌን ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመናወጥ ታሪክ ከጥንት መጻሕፍትና ከመንገደኞች ጽሑፍ እየለቀሙ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው እንደ ፈረንጆች በ1979 አሳትመዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግን ለእኛ፥ ጸሎቱንና መሣሪያውን አንድ ላይ ይዘው የኖሩ ሰው ታሪክ ልዩ ትርጕም አለው። ነቢዩ ኤልያስም ቢሆን ትንሹን ድምፅ የሰማው ነፋሱና መናወጡ ካለፉ በኋላ አይደለምን?

ነገር ግን አራት ኪሎ ያኔና አራት ኪሎ ዛሬ አንድ አይደሉም። በከተማ ማህል የተተከለ መሣሪያ ከተማው ባደገ ቍጥር የሚሰማው የአውቶቡሱንና የሕንጻ ሠሪውን ንዝረት ነው። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች በ1997 የተከፈተው የዓለም አቀፉ መረብ ጣቢያ ከከተማው ወጥቶ በደቡብ ምዕራብ በኩል በፉሪ ተራራ ላይ ተተከለ። በዓለም ላይ ያሉ ሊቃውንትም ፉሪ በሚለው ስሙ ያውቁታል። ታዲያ የሚያስገርመው፥ ከተማው መሣሪያውን ተከትሎት ሄደ! ፉሪ ዛሬ የሸገር ከተማ የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ነው። ሰው ከጩኸት ሸሽቶ ጎጆ ቢሠራ ጩኸቱ ዕቃውን ጭኖ እንደሚከተለው ዓይነት ነገር ነው።

የኳስ ወዳጅ ለሆናችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ አንድ ነገር እናውራ። በካሜሩን የአሜሪካ ሊቃውንት የምድርን ውስጥ ለመመርመር በአገሩ ሁሉ ሠላሳ ያህል መሣሪያ ተክለው ነበር። በኋላ ጋሬት ኦይለር የተባለ ተማሪ መዝገቡን ሲመረምር፥ በጥር 1998 ዓ.ም. አንዳንድ ቀን፥ እጅግ በተራራቁ ጣቢያዎች ላይ በአንዲት ደቂቃ አንድ ዓይነት ንዝረት ሲነሣ አየ። መናወጥ እንዳይባል፥ መናወጥ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል፤ ይህ ግን በሁሉም ዘንድ በአንድ ጊዜ ሆነ። ቢመረመር ወሩ የአፍሪካ ዋንጫ የሚካሄድበት ነበር። ካሜሩን ጎል ባገባች ቍጥር በየመንደሩ ያለ ሕዝብ በአንድነት ብድግ ብሎ ይዘል ነበርና ምድር ያን ጻፈችው። ጨዋታው የነበረው በግብጽ ነው፤ የተንቀጠቀጠችው ግን ካሜሩን ናት። ከዚያም በሩብ ፍጻሜው በአይቮሪ ኮስት በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ተሸነፉ። የዚያ ቀን ሌሊት የካሜሩን ምድር ምን ያህል ዝም ብላ ይሆን እያልን በክፍላችን ብዙ ቀለድን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ ሲነሣ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲዘጋ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፥ አውቶቡስም ተሳፋሪውን በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። በኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ አልተከለከለም፤ በሌላው ዓለም ግን ብዙ ታላላቅ ከተሞች ፈጽመው ተዘጉ። ያን ጊዜ በቤልጅየም ንጉሣዊ ኦብዘርቫቶሪ የሚሠራው ቶማ ሌኮክ የብራስልስ መሣሪያ ከወትሮው ይልቅ ዝም ማለቱን ልብ አለ። ሌሎች አገሮችንም ጠየቀ፤ የሁሉም መልስ ያው ሆነ። በ117 አገሮች የተተከሉ የ268 ጣቢያዎች መዝገብ ተሰብስቦ ቢታይ በ185ቱ ላይ የሰው ንዝረት በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። በአንዳንድ ቦታ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። ዝምታው በጥር ወር በቻይና ጀመረ፥ ከዚያም እንደ ጥላ ወደ አውሮፓና ወደ ሌላው ዓለም ተሻገረ። መሣሪያ በዓለም ላይ ከተተከለ ወዲህ ምድር ከሰው እንዲህ ያለ ረጅም ዕረፍት አግኝታ አታውቅም። ሥራው በሐምሌ ወር 2012 በታወቀው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ።

ከፍ ያለው ዝምታ የታየው እንደ ሲንጋፖርና እንደ ኒውዮርክ ሕዝብ በተጨናነቀባቸው ስፍራዎች ነው። ነገር ግን በናሚቢያ በሩንዱ እንኳ፥ ከታላላቅ ከተሞች እጅግ ርቃ ባለች ስፍራ፥ ንዝረቱ ቀንሷል። በባርባዶስ ደሴት ደግሞ መንግሥት ከማዘዙ ከጥቂት ሳምንታት በፊት መቀነስ ጀመረ፤ ጎብኚዎቹ አስቀድመው ወደየአገራቸው ተመልሰው ነበርና። ወሬ ሳይሰማ ምድር ሰምታ ነበር ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ዝምታ ከሌሎች የታወቁ ዕረፍቶች፥ ከፈረንጆች ገናና ከቻይናውያን አዲስ ዓመት ጋር አነጻጽረውታል። እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። በጊፋታ ሰሞን በመርካቶና በየከተማው የሚሠራው የወላይታ ልጅ ሁሉ አውቶቡስ እየሞላ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዲህ በዚያ ሳምንት በአንድ በኩል የሚጠፋው የእግር ኮቴ በሌላ በኩል ይጨመራል፤ ሰው ንዝረቱን እንደ ስንቅ ይዞት ይዞራል።

ከዚያ ሁሉ መዝገብ ልባችንን የነካው ግን ስለ ትምህርት ቤቶች የተነገረው ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዋልና በአሜሪካ በቦስተን በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ራስቤሪ ሼክ የሚባሉትን የመሰሉ፥ ዋጋቸው አነስተኛ የሆነ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። በእነዚህ አካባቢ የታየው ዝምታ፥ ተማሪ ለዕረፍት ከሚበተንበት ጊዜ ዝምታ እንኳ በ20 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ስናነብ በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ያ ዝምታ የእኛም ነበርና። ያን ጊዜ የ12ና የ13 ዓመት ልጆች ነበርን። እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ደወል አልሰማንም፤ መጽሐፍ ያለው በመጽሐፍ፥ የሌለውም በከብት ጥበቃና በእርሻ ቈየ። ትምህርት ሲከፈት ሁላችንም አልተመለስንም። ከወንዶቹ አንዳንዶች ወደ ሶዶ፥ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ሄደው ቀሩ፤ ከእህቶቻችንም ሳይመለሱ የተዳሩ አሉ። የሊቃውንቱ መስመር ወደ ታች ሲወርድ ማየት ለሳይንስ ደስታ ነው፤ ይህን አንክድም። እኛ ግን የወረደው መስመር ከእነማን እግር እንደ ተሠራ እናውቃለንና፥ ያን የምድር ዕረፍት አመስግነን ልንናገር አልቻልንም። ከመካከላችን አንዷ «ምድር ያረፈችው እኛ ስለ ጎደልን ነው» ብላ በደብተርዋ ጻፈች፤ ከዚህ የተሻለ የጻፈ የለም።

የዝምታው ጥቅም ግን ምን እንደ ነበር መናገር አለብን። ዝምታው የመሬት መናወጥን አላበዛም፥ አልቀነሰምም። መኪናና ወፍጮ መናወጥን የሚያመጡ የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውናል፤ ይህ ስሕተት ነው። ዝምታው የለወጠው የምንሰማበትን ጆሮ ነው። በገበያ መካከል ሹክሹክታ እንደማይሰማ፥ በቀን የሚሆን ትንሽ መናወጥ በከተማ ሁካታ ይሸፈናል። በመጋቢት 29 ቀን 2012 በሜክሲኮ በፔታትላን አጠገብ የደረሰውን በመለኪያው 5 የሆነ መናወጥ 380 ኪሎ ሜትር የራቀ የከተማ መሣሪያ መዝገቡ ሳይጣራ እንኳ አጥርቶ ለማሳየት ችሏል፤ በወትሮው ቀን መዝገቡ ካልተጣራ በስተቀር በሁካታው ውስጥ ይጠፋ ነበር።

ትንሹን መናወጥ መስማት ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ የወላጆቻችንን ጥያቄ ጥቂት ለመመለስ እንሞክራለን። የወላይታ ደጋ በምሥራቅ በኩል ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርድ፥ የዱጉና ፋንጎ ተራራም በዚያው በኩል ቆሞ ሲታይ፥ እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሆናችን ግልጽ ነው። የሸለቆው ሁለት ወገኖች በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ጥፍራችን በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። ቢሆንም ቅሉ፥ ዐለት እንደ ጥፍር ያለ ድካም አይለጠጥም፤ ታግሦ ታግሦ ይሰነጠቃል። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ 10 ቀን በጎረቤታችን በሆሳዕና በኩል፥ በ2008 ዓ.ም. ጥር 15 ቀን ደግሞ በሐዋሳ የተሰማው መናወጥ ከዚህ የመጣ ነው። በሐዋሳ የተጐዱት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በድንጋጤ ሲሮጡና ሲዘሉ ነው የተጐዱት። ስለዚህ መናወጥ ሲመጣ አለመሯሯጥ፥ ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን እንደሚገባ ለታናናሾቻችን እናሳስባለን።

ሊቃውንት በረጅም ልማድ ያወቁት አንድ ነገር አለ። በመለኪያው 4 የሆነ አንድ መናወጥ ባለበት አገር 3 የሆኑ ዐሥር ያህል፥ 2 የሆኑ ደግሞ መቶ ያህል ይገኛሉ። ትልቁን የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቅ ይሆናል፤ ትንንሾቹ ግን ዘወትር ይመጣሉ። መሰንጠቂያው በየት በኩል እንደሚያልፍ በነጥብ በነጥብ የሚስሉት እነርሱ ናቸው። ቤት፥ ድልድይና ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሥዕል ይፈልጋል። በሰው ሁካታ የሚጠፉት ደግሞ ልክ እነዚሁ ትንንሾቹ ናቸው።

ንግግሩን በቤት ስንለማመድ የአንዳችን አጎት ሰምተው «ታዲያ መሣሪያው እንዲሰማ ብላችሁ ወፍጮውን ልታስዘጉብን ነው?» አሉን። ጥያቄአቸው ተገቢ ነው። አያቶቻችን በድንጋይ ሲፈጩ ያሳለፉትን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ወፍጮ ይዘጋ አይልም። ከመንገዱም ከወፍጮውም የሚነሣው ንዝረት የዳቦአችን ንዝረት ነው። መሣሪያው ከመንገድ ይራቅ፤ በልል አፈር ላይ ሳይሆን በዐለት ላይ ይተከል፤ ልል አፈር ንዝረቱን ያበዛዋልና። ቢቻል ወደ መሬት ውስጥ ይገባ። ከሁሉም ይልቅ ቍጥሩ ይብዛ። ከተማ ሲስፋፋም ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ቦታ እንደሚተው፥ ጸጥ ላለ አንድ የዐለት ኮረብታም ቦታ ቢተው ምን ይከፋል? በፉሪ የሆነውን ነግረናችኋል።

በዚህ መካከል እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ሲስሞሜትር ስለሌለን ሰፊ ሳህን ውሃ ሞልተን በክፍላችን ወለል ላይ፥ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ አኖርን። ብርሃኑ ከውሃው ተመልሶ በጣራው ላይ እንደ ብር ሳንቲም ያርፋል። ውሃው ጥቂት ቢንቀጠቀጥ በጣራ ላይ ያለው ብርሃን ብዙ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ነፋስ አበላሸብን። በአራተኛው ቀን መስኮቱን ዘግተን ሳህኑን በካርቶን ከለልነው፤ ተራም ገብተን በየሩብ ሰዓቱ ያየነውን ጻፍን። በርግጥ ይህ ናኖሜትር አይለካም፤ የባሕሩንም ማዕበል አያሳይም። ቅርብ ያለውን ግን አይደብቅም።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ በጸሎት ቤት ሳለ ብርሃኑ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ቆመ። በገበያ ቀን፥ በቆሎ የጫነ አይሱዙ በመንገዱ ሲያልፍ ብርሃኑ ዳር ዳሩን እንደ ቅጠል ይርገበገባል። የወፍጮው ሞተር ሲነሣ የተለየ ነው፤ ጥቃቅንና የማያቋርጥ ነው። ባጃጅ ከሞላ ጎደል ምንም አላደረገም። ሞተር ብስክሌት ድምፁ ያንን ያህል ሲሆን ምድርን እንዳልነካ ስናይ ተደነቅን። በአየር የሚጮኽና በምድር የሚጮኽ ለካ ሁለት ናቸው።

ከሁሉ የበለጠው ግን ከደጅ አልመጣም። በመዝገባችን ላይ ብርሃኑ ተሰባብሮ ጣራውን ሁሉ የሞላው፥ ውሃውም ከሳህኑ ጠርዝ ዘሎ የፈሰሰው፥ የዕረፍት ደወል በተደወለ ቍጥር ነው። አይሱዙውም ወፍጮውም ከእኛ ከተማሪዎች አይተካከሉም። ርእሰ መምህሩ በኮሪደር አትሩጡ የሚሉን ለምን እንደሆነ አሁን በሳይንስ አረጋግጠናል።

ሳህኑ ዛሬም በ12ኛ ክፍል ወለል ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የታናናሾቻችን የጅምናስቲክ ትርኢት አለ፤ ከዚያም ፀሐዩ በመስኮቱ የሚገባው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። ወላጆቻችን መጥታችሁ እንድታዩ እንለምናችኋለን። ጫማችሁን ማውለቅ አያስፈልግም፤ በበሩ አጠገብ ግን ጥቂት ቁሙ፥ ብርሃኑም እስኪረጋ ድረስ ጠብቁ። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ወደ ሳህኑ ይራመድ። አራት እርምጃ ነው፤ አራቱንም በጣራው ላይ ትቈጥራላችሁ።